ብቸኛ ሽማግሌ የፈረንጅ ነው ያለው ማን ነው?

እ.አ.አ. በ2017 የወጣ «ለኪ» የሚባል የአሜሪካ ፊልም አለ። ሚስትም ልጅም የሌለው፣ ዘጠና ዓመት የሞላው ሰው በበረሃ ዳር ባለች ትንሽ ከተማ ብቻውን ይኖራል። ጠዋት ተነሥቶ ሰውነቱን ያፍታታል፣ ምግብ ቤት ቁጭ ብሎ የጋዜጣ እንቆቅልሽ ይሞላል፣ ማታ መጠጥ ቤት ጎራ ብሎ ከለመዳቸው ሰዎች ጋር ይከራከራል። አንድ ቀን ቤቱ ውስጥ ይወድቃል። ሐኪሙ ቢመረምረው በሽታ አያገኝበትም፤ አርጅተሃል ብቻ ይለዋል። ከዚህ ሌላ ብዙ ነገር አይሆንም። ያፈቀራት ሴት አትመጣም፣ የጠፋ ልጅ አይገኝም፣ የተደበቀ ውርስ አይወጣም። ዋናውን ሰው ሆኖ የተጫወተው ሃሪ ዲን ስታንተን ፊልሙ አሜሪካ ውስጥ በሲኒማ ቤት መታየት ሊጀምር ሁለት ሳምንት ሲቀረው በ91 ዓመቱ አረፈ።

ይህን ፊልም ያየ ያገራችን ሰው የሚሰጠው አስተያየት አንድ ዓይነት ነው። ደስ ይላል፤ ግን የነሱ ነው። እነሱ ሽማግሌያቸውን ይጥላሉ፣ እኛ እንጦራለን። እነሱ ጎረቤታቸውን አያውቁም፣ እኛ ቡና እንጠራራለን። እኛ ዘንድ ሰው ብቻውን አያረጅም፤ ብቻውን ካላረጀ ደግሞ ምን ፊልም ይሠራበታል? ፊልም ሠሪውም፣ ገንዘብ አውጪውም፣ ካፌ የተቀመጠው ተመልካችም ይህንኑ ይላል። እኔ ደግሞ ሐሰት ነው እላለሁ። የሚመች ሐሰት በመሆኑ ነው ይህን ያህል ዕድሜ ያገኘው፤ ብቸኛ ሽማግሌ ከሌለ የበደለው የለም፣ ሊጠይቀው የሚገባ የለም፣ ቆም ብሎ ሊያየው የሚገባም የለም።

መጀመሪያ በአደባባይ የሚታወቀውን እናንሣ። በ2002 ዓ.ም. በቢኒያም በለጠ የተመሠረተው የመቄዶንያ መርጃ ማዕከል ዛሬ በሺዎች የሚቆጠሩ አረጋውያንና የአእምሮ ሕሙማንን ይዟል። ከየመንገዱና ከየበረንዳው የተነሡ ናቸው። ለማዕከሉ በስልኩ ብር የሚልከው፣ ልደቱን እዚያ ሄዶ የሚያከብረው፣ አረጋውያኑን ሲያይ እንባው የሚመጣው ሰው ማን ነው? ያው «እኛ አገር የተጣለ ሽማግሌ የለም» የሚለው ሰው ነው። ሁለቱን ባንድ አፍ መናገር ይቻላል ማለት ነው።

ወሎ ላይ ሲደርስ ነገሩ ይብሳል፤ ወሎ መልካም ስም አለውና። ካሜራ ወደዚህ ሲመጣ ምን ሊቀርጽ እንደመጣ አስቀድሞ ያውቃል። ቆንጆ ልጅ፣ እስክስታ፣ ቡናና ዕጣን፣ ቄሱና ሼኹ ጎን ለጎን ተቀምጠው ሲመርቁ። ይህ ውሸት ነው የሚል ካለ እኔ አይደለሁም። ሰሜን ወሎ ውስጥ እስላሙና ክርስቲያኑ አብሮ ይቀብራል፣ አብሮ ይድራል፤ ይህን ያየ ያውቀዋል። ነገር ግን ያ ቀረጻ ሲያልቅ፣ ቄሱም ሼኹም ወደየቤታቸው ሲሄዱ፣ በዚያው መንደር ጥግ አንድ ክፍል ቤት ከፍቶ የሚገባ ሰው አለ። እሱን የሚቀርጽ የለም።

ከወልዲያ ወደ ደሴ የሚወስደውን መንገድ ይዞ ስሪንቃን አልፎ መርሳ የደረሰ ሰው የሚያስታውሰው ፍራፍሬውን ነው። አውቶቡሱ ሳይቆም ማንጎው በመስኮት ይገባል። ከአስፋልቱ ወደ ውስጥ ገባ ሲባል ግን ሌላ ነገር አለ። ቆርቆሯቸው ገና የሚያብረቀርቅ፣ በራቸው በአረንጓዴ ወይም በሰማያዊ ቀለም የተቀባ የብሎኬት ቤቶች። የሠራቸው የሳውዲ ገንዘብ ነው። ልጅቱ ሪያድ ወይም ጅዳ ሰው ቤት ትሠራለች፤ ወንድሟ በጅቡቲዋ ኦቦክ በኩል በጀልባ ተሻግሮ፣ የመንን በእግሩ አቋርጦ ገብቷል። መርሳ ባለችበት በሀብሩ ወረዳ በዚህ መንገድ የሄደ ልጅ የሌለበትን ቤት መፈለግ ያደክማል። በ2006 ዓ.ም. ሳውዲ ዐረቢያ ከ160 ሺህ በላይ ኢትዮጵያውያንን ስትመልስ ከነሱ ጥቂት የማይባሉት የመጡት ወደነዚህ ቤቶች ነበር፤ ብዙዎቹም ዳግም ሄደዋል።

እንግዲህ ከነዚህ ቤቶች ባንዱ አራት ክፍል አለ። ሦስቱ ተቆልፈዋል። ሶፋው ከተገዛበት ሱቅ የመጣበት ፕላስቲክ አልተገለጠም፤ ልጆቹ ሲመጡ ይገለጣል። አባትየው የሚተኛው አራተኛው ክፍል ውስጥ፣ ከድሮው ጎጆ ባመጣው አልጋ ላይ ነው። ስልክ ተልኮለታል። ኢሞ ግን እንዴት እንደሚከፈት አያውቅም፤ የጎረቤት ልጅ ጠርቶ ያስከፍታል፣ ልጁ ስልኩን ይዞለት ይቆማል፣ ሴት ልጁ ከጅዳ «አባዬ፣ ፊትህን ወደ ብርሃን አድርገው» ትለዋለች፣ ያደርጋል። ሁለት ደቂቃ ያወራሉ፣ መስመሩ ይቋረጣል፣ ልጁ ስልኩን ሰጥቶት ኳሱን ሊጫወት ይሮጣል። ይህ ሰው ተጥሏል? አልተጣለም። ገንዘብ ይላክለታል፣ በበዓል በግ ይገዛለታል፣ መንደሩ «የታደለ» ይለዋል። ግን ብቻውን ነው። መጦር ማለት ብር መላክ ከሆነ ተጡሯል፤ የኛ ተከራካሪ «እንጦራለን» ሲል የሚቆጥረው ይህን ነው።

የተጣለ ሰውና ብቻውን የሚኖር ሰው አንድ አይደሉም፤ ክርክሩ የሚበላሸው ሁለቱ ሲደባለቁ ነው። ስለ ብቸኛ ሽማግሌ ሲነሣ ሰዉ ወዲያው ላስቲክ ለብሶ በረንዳ ላይ የወደቀ ሰው ይታየውና ወይ ይክዳል ወይ ያለቅሳል። እኔ የምለው ሰው ላይ የሚለቀስ ነገር የለም። ልብሱ ንጹሕ ነው፣ ኪራዩን ይከፍላል፣ ሽሮውን ራሱ ይሠራል። ምናልባት አግብቶ ፈትቷል፣ ምናልባት አላገባም። ለምን እንደሆነ ቢጠየቅ ይሥቃል።

«ቅሬ እያለ እንዴት ብቸኛ ይኖራል?» የሚለውን መልስ አውቀዋለሁ፤ ጠንካራውም እሱ ነው። ሌላ ቦታ እድር የሚባለውን እዚህ ቅሬ እንላለን። ቅሬ ቀልድ አይደለም። ሰው ሲሞት መቃብሩን ይቆፍራል፣ ልቅሶውን ያቆማል፣ የሐዘንተኛውን ቤት ያበላል፤ ያለ ምክንያት የቀረውን የቅሬው ዳኛ ይቀጣዋል። ሰዉ ከመንግሥት ይልቅ ቅሬውን ቢፈራ አይደንቅም፤ ከቅሬ የወጣ ሰው በቁሙ እንደሞተ ይቆጠራልና። በነሐሴ 2013 ዓ.ም. የሰሜኑ ጦርነት ወልዲያንና መርሳን ሲያዳርስ፣ ጉልበት ያለው ወደ ደሴ ሲሸሽና በየቤቱ ሽማግሌና አሮጊት ቤት ጠባቂ ሆነው ሲቀሩ፣ ከተሞቹ እስከ ታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. እንደዚያ ሲከርሙ፣ ሰው ሰውን የቀበረው በዚሁ ልማድ ነው።

ነገር ግን ብቸኛው ሰውም ቅሬ አለው! መዋጮውን ከማንም ቀድሞ ይከፍላል፤ ድንኳን ውስጥ ጥግ ይዞ ይቀመጣል፤ ጋቢውን አጣፍቶ ቀብር ይወርዳል። ብቸኝነቱ ከቀብር በኋላ ነው የሚጀምረው። ቅሬ ስለ ሞት የተበጀ ነገር ነው፤ ከአንዱ ሞት እስከ ሌላው ሞት ያለው ረዥም ከሰዓት በኋላ ሥራው አይደለም፣ ሥራው ነው ብሎም አያውቅም። ቡናውም እንደዚሁ። የጎረቤት ልጅ በአጥሩ በኩል «አባባ፣ እማዬ ቡና ድረሱ ብላለች» ይለዋል። ይሄዳል። አቦሉን፣ ቶናውን፣ በረካውን ጠጥቶ፣ መርቆ ይወጣል። ከዚያ ወደ ቤቱ ይመለሳል፤ ሲገባ መብራቱን የሚያበራው ራሱ ነው። ቡና ጠርተነዋልና ብቸኛ አይደለም ማለት፣ ሰላምታ ሰጥቼዋለሁና አውቀዋለሁ ማለት ነው።

ደግሞስ ብቻ መኖርን ከፈረንጅ ነው የተማርነው? ባሕታዊው ከየት መጣ? የላስታ ሰው ይምርሃነ ክርስቶስ ዋሻ ሲሄድ ብቻውን የጸለየ ሰው ፈለግ ላይ እየረገጠ መሆኑን ያውቃል። የወሎ ሼኾች ኸልዋ ገብተው፣ ከሰው ተለይተው በዝክር ሲቆዩ መንደሩ «ብቸኛ ሆነ» ብሎ አላዘነላቸውም፤ ዱዓቸውን ፈልጎ ደጃቸው ቆመ። ሁለቱም ሃይማኖቶቻችን ለብቻ ለመሆን የክብር ቦታ አላቸው፤ እኛም ሃይማኖት ያለበትን ብቸኝነት እናከብራለን። የፈጣሪ ስም ያልተጠራበትን ግን አንችልም። ያለ ጸሎት፣ ያለ ሱባኤ፣ ዝም ብሎ ብቻውን መሆን የሚወድ ሰው ሲገጥመን ስም እናወጣለታለን፤ «አንድ ነገርማ አለበት» እንላለን። ሴት ከሆነች ደግሞ አታድርስ ነው፤ ባሏ የሞተባትና ልጆቿ የሄዱባት፣ ሰው ቤት ማዘውተር የማትወድ ባልቴት ምን እንደምትባል አንባቢ ያውቃል፤ እኔ አልጽፈውም።

ሥነ ጽሑፋችንና ሲኒማችን ይህን ሰው ከነጭራሹ አላዩትም ማለትም አይቻልም። በ1958 ዓ.ም. የታተመው «ፍቅር እስከ መቃብር» ጉዱ ካሣ አለው፤ አገሩ በሙሉ እብድ ያለው፣ በሰው መሃል ብቻውን የቆመ ሰው። የኃይሌ ገሪማ «ምርት ሦስት ሺህ ዓመት» እ.አ.አ. በ1976 ሲወጣ ከበበን ይዞ መጣ፤ እሱም የመንደሩ እብድ ነው። ያው ዳይሬክተር እ.አ.አ. በ2008 በ«ጤዛ» አንበርብርን አመጣልን። ከጀርመን የተመለሰ፣ እግሩን ያጣ፣ ጣና ዳር እናቱ ቤት ተቀምጦ ትዝታው የሚያስጨንቀው ምሁር። ፊልሙ ቬኒስ ላይ የዳኞች ልዩ ሽልማትና የምርጥ የፊልም ጽሑፍ ሽልማት፣ በዓመቱ ደግሞ ዋጋዱጉ ላይ የፌስፓኮን ታላቅ ሽልማት ወሰደ። እንግዲህ ብቸኛ ሰው በአማርኛ ፊልም ዓለምን አልዞረም የሚል ካለ ይስማ።

ግን ሦስቱንም ልብ እንበላቸው። ጉዱ ካሣ ብቻውን የሆነው ሥርዓቱን ስለሚተች ነው። ከበበም ግፉን ስለሚናገር ነው። አንበርብርም የአንድ ትውልድ ሸክም ስለተጫነበት ነው። ብቸኝነታቸው የአገር ጉዳይ ነው፤ ተናጋሪዎች ናቸው። እወዳቸዋለሁ። ሆኖም አንድ ሰው ብቻውን ለመታየት ነቢይ መሆን አለበት እንዴ? የመርሳው አባት ስለ ሥርዓት የሚናገረው ነገር የለውም። ራዲዮው ባትሪ ጨርሷል፤ የሚያሳስበው እሱ ነው። ይህን ሰው እስካሁን አላየነውም።

በቪዲዮ ከዚያም በዲጂታል ካሜራ የመጣው ፊልማችን ለሽማግሌ የሚሰጠው ሥራ ምንድን ነው? ባልና ሚስት ያስታርቃል። ልጄን ለድሃ አልድርም ይላል። ዘበኛ ሆኖ ያሥቃል። ወይም በሁለተኛው ትዕይንት አስሎ ይሞትና ወራሾቹ ይጣላሉ። የኛ ፊልም ሽማግሌ ሁልጊዜ ለሌላ ሰው ታሪክ የተቀጠረ ሠራተኛ ነው፤ ወጣቶቹ ሲጋቡ ሥራው አለቀ። ስንት ድንቅ አንጋፋ ተዋናይ መድረክ ላይ አምሳ ዓመት ቆይቶ ካሜራ ፊት «ልጆች፣ ተው» ከማለት ያለፈ ነገር ሳይሰጠው አለፈ! የሚያናድደኝ ይህ ነው። አሜሪካኖቹ ስታንተንን ለስድሳ ዓመት ያህል አብዛኛውን ጊዜ በጎን ሲያሠሩት ኖረው፣ ዘጠናውን ሲሞላ አንድ ሙሉ ፊልም ሰጡት። እኛ ያንን እንኳ አላደረግንም።

«ገበያ የለውም» ይሉኛል። ተመልካች ሣቅ ይፈልጋል፣ ፍቅር ይፈልጋል፣ ዝምታ አይችልም። ይህን የሚለው ሰው በ2008 ዓ.ም. ቃና ቴሌቪዥን ሲከፈት የት ነበር? ወልዲያ ውስጥ ምሽት ላይ በየቤቱ የቱርክ ድራማ ሲታይ አላየም? ሁለት ሰዎች ቃል ሳይተነፍሱ፣ ሙዚቃ እያጀባቸው፣ ሲተያዩ፣ ደግመው ሲተያዩ፣ ያንን ወራት ሙሉ የተከታተለ ሕዝብ ትዕግሥት የለውም? ትዕግሥት የሌለው ገንዘብ አውጪው ነው። ፊልሙን በሦስት ሳምንት ቀርጾ ለፋሲካ ማድረስ የሚፈልገው እሱ ነው።

እ.አ.አ. በ1999 ዴቪድ ሊንች «ስትሬት ስቶሪ» የሚባል ፊልም ሠርቶ ነበር። እውነተኛ ታሪክ ነው። የ73 ዓመቱ አልቪን ስትሬት ዓይኑ ደክሞ መኪና መንዳት አይችልም፤ ለዓመታት የተኳረፈው ወንድሙ ታሟል ሲሉት፣ ሣር ማጨጃ መኪና ላይ ተቀምጦ 390 ኪሎ ሜትር ያህል ነዳ። ከደሴ አዲስ አበባ ማለት ነው፣ ከሰው እርምጃ ብዙም በማትበልጥ ፍጥነት። መጨረሻ ላይ ወንድምየውን ሆኖ የሚታየው ያው ስታንተን ነው፤ ሊንች ደግሞ በፈንታው «ለኪ» ውስጥ ኤሊው የጠፋችበትን ጓደኛ ሆኖ ተጫውቶለታል። ወንድማማቾቹ ሲገናኙ ምን ተባባሉ? ምንም ያህል። ተቀመጡና ሰማይ አዩ። ይህን ያየ ወሎዬ «አልገባኝም» ይላል? ተጣልቶ ሳይታረቅ ወንድሙን ቀብሮ የማያውቅ ማን አለ?

እኔ ብጠየቅ ፊልሙን ወልዲያ፣ ጎንደር በር አካባቢ እሠራዋለሁ። ሰውየው የአሰብ መንገድ ሹፌር ነበር። ኤንትሬ የሚባለውን የጭነት መኪና ይነዳ ነበር፤ በግንቦት 1990 ዓ.ም. ከኤርትራ ጋር ጦርነት ተነሥቶ መንገዱ ሲዘጋ ሥራው አብሮ ቀረ። ጡረታ የለውም፤ የግል ድርጅት ሠራተኛ ጡረታ የመጣው በ2003 ዓ.ም. ነው፣ ለሱ አልደረሰም። አንዲት ክፍል ተከራይቷል። ግድግዳው ላይ የኤንትሬው የጎን መስተዋት ተሰቅሏል፤ ጢሙን የሚላጨው በሱ ነው። ሌሊት አሥር ሰዓት ላይ ይነቃል፤ የድሮ መነሻ ሰዓቱ ናት፣ መሄጃ የለውም እንጂ። ተጋድሞ ከኮምቦልቻ ወዲያ ያለውን በልቡ ይቆጥራል፤ ባቲ፣ ሚሌ፣ ሎግያ፣ ሰርዶ፣ ኤሊዳር፣ ቡሬ። አሰብ ሳይደርስ ይነጋል።

ቀን አዳጎ ወርዶ ሲኖትራኮቹን ያያል። የማርሽ አቀያየራቸው ያስቀዋል። ሐራ ገበያ ድረስ ይመጣል የተባለው ባቡር ሲወራ ራሱን ይነቀንቃል እንጂ አይከራከርም። አንድ ቀን ራዲዮው ይበላሻል፤ የሚያውቀው ጠጋኝ ቤቱን ዘግቶ የሞባይል ሽፋን መሸጥ ጀምሯል። መርሳ ላይ አንድ ሰው አለ ይሉታል። በሚኒባስ ይሄዳል። ለመጀመሪያ ጊዜ ከሹፌሩ ኋላ ሆኖ ያንን መንገድ ሲያይ ካሜራው ፊቱ ላይ ይቆይ። ረዳቱ «አባባ፣ ሒሳብ» ይለዋል። ይከፍላል። መርሳ ይደርሳል፣ ራዲዮው ይሠራል ወይም አይሠራም፣ ሁለት ማንጎ ገዝቶ ይመለሳል። ይኸው ነው።

«ታዲያ ምን ተፈጠረ?» የሚለኝ እንዳለ አውቃለሁ። «ወጣቱ ምን ይማርበታል? ብቻ መኖርን ማስለመድ አይሆንም ወይ?» የሚለኝም አለ፤ ባህላችንን ጠባቂ ነኝ ባዩ እሱ ነው። ጥበቃው ገርሞኛል። ሰውየውን ሳያየው ባህሉን ይጠብቃል። ብቻ መኖርን ያስለመደው ፊልም አይደለም፤ ኦቦክ ላይ የቆመችው ጀልባ ናት፣ የተዘጋው የአሰብ መንገድ ነው፣ ከፊሉም የሰውየው የራሱ ፈቃድ ነው። ፈቃዱ የሆነውን ደግሞ ማንም ሊያክምለት አይገባም። ብቸኛ ሰው ሁሉ የሚድን በሽተኛ አይደለም።

ካሜራ የለም እንዳይባል ወልዲያ ውስጥ ቅዳሜና እሑድ ሠርግ የሚቀርጽ ወጣት ሞልቷል፤ ከነድሮኑ። ሰኞ ሥራ ይፈታል። ወንድሜ፣ እኅቴ፣ ሰኞ ዕለት ያንን ካሜራ ይዛችሁ ውጡ። ሽማግሌውን አስፈቅዱት፤ እንቢ ካለ ቡና ጠጥታችሁ ተመለሱ፣ ሌላ ጊዜ ሂዱ። ሙዚቃ አትጫኑበት። ምርቃት አታስመርቁት። ሲላጭ፣ ሽሮ ሲያማስል፣ መንገድ ዳር ቆሞ መኪና ሲያይ ቅረጹት። ብቻ አደራ፤ ፊልሙ ሊያልቅ ሲል አትዳሩት፣ ልጁንም ከጅዳ አታምጡለት።